ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘጋው በር

ልጄ የቤታችንን ኢንተርኔት ለውጭ ሰው ልትከፍት እንደሆነ የነገረችኝ ምሳ እየበላን ነው። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ።

«ለማን ነው የምትከፍቺው?»

«ለጓደኞቼ ነዋ፣ እማዬ። ለሦስቱ ብቻ።»

«ሌላ ሰው ተከትሏቸው ቢገባስ?»

«አይገባም። ምሳሽን ጨርሺና አሳይሻለሁ።»

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፤ ይህን ሰፈሩም ያውቃል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ ቤቴ ተቀምጬ ልብስ እሰፋለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሴት ቀሚስ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። ከጓሯችን ያለው ቤት አንድ ጊዜ ከሶኬት በተነሣ እሳት ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት ስወጣ የተሰካ ነገር ሁሉ እነቅላለሁ፤ ካውያውን፣ ምድጃውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የስልክ ቻርጀሩን። መንቀሌን መንገድ ላይ ከተጠራጠርኩ ተመልሼ አያለሁ።

ሦስቱን ጓደኞቿን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ተከራዮቼ ነበሩ። የገጠር ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ከተማ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ እያመላለሰ ነው የሚማረው። እኔም ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ለሦስት ሴቶች ልጆች ሰጥቼ ነበር። አንዷ ከጉንደ ወይን፣ አንዷ ከአማኑኤል፣ አንዷ ከቁይ የመጡ ናቸው። እዚህ የማንንም ስም አልጽፍም፤ ቤታችንም ውስጥ ቢሆን ብዙ ጊዜ ባገራቸው ነበር የምንጠራቸው። የቁይዋን ያመጣት አባቷ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ «እህቴ፣ አደራዎን። ከቤት ወጥታ አታውቅም» አለኝ። ያ ሰው ያን ቀን የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ልጄ ከትምህርት መልስ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት የማይፈልጉትን አሮጌ ኮምፒውተር ሰጧት። እሷ ፈታ አጽድታ፣ እንደገና ገጥማ አስነሣችው። ከዚያ አራቱ ልጆች በዚያ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጨዋታ ጀመሩ። በጨዋታው ውስጥ አራት ማዕዘን ድንጋይ እየተደረደረ ቤት ይሠራል፣ እርሻ ይታረሳል፣ በግ ይረባል። እያንዳንዳቸው በስልካቸው ሆነው ወደ ኮምፒውተሩ ይገባሉ። አብረው የሠሯት ከተማ የምትቀመጠው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ልጄ «ሰርቨሩ» ትለዋለች። እኔ በስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ።

«በጎቼን ማነው የለቀቀው?»

«በግሽ ራሱ ነው አጥር የዘለለው፤ እንዳንቺ ነው፣ አያርፍም!»

የቁይዋ እርሻ ላይ ነበረች። ስንዴ ትዘራለች፣ ታጭዳለች፣ መልሳ ትዘራለች። «እዚህም መጥተሽ ገበሬ?» ብለው ሲስቁባት፣ «እናንተ ከተሜዎች ምን ልትበሉ ነው?» ትላቸዋለች።

ከዚያ አራቱም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈተኑና ሦስቱ ወዳገራቸው ሄዱ። ውጤት ሲመጣ ልጄና ሁለቱ አልፈዋል፣ የቁይዋ አላለፈችም። ይህን የሰማነው ከጉንደ ወይኗ ነው። የቁይዋ ስልኳን ለአባቷ መልሳ «ይህን የገዛህልኝ እንድማርበት ነበር» አለችው አሉ። ስልኩን ታላቅ ወንድሟ ያዘው። ከሰው ጋር መነጋገር ትታለች። ልጄ ስትደውል ወንድሟ ያነሣና «አትመጣም» ይላል። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ተነሥቶ ቁይ መሄድ አይቻልም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን በዚያው ስልክ መልእክት መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሟ ስልኩን ይተውላታል። የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «መደወል አልፈልግም። ከተማችን ብትኖር ግን እመጣ ነበር።»

ልጄ ኢንተርኔታችንን ልክፈት ያለችው ከዚህ በኋላ ነው። ከተማዋ የምትታየው የቤታችን ዋይፋይ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ነበር። አሁን እስከ ቁይ ልታደርሳት ነው።

ምሳዬን ጨርሼ ጎኗ ተቀመጥኩ። የዋይፋዩ ሣጥን መስኮቱ ላይ ነው፤ ትንሽ ነች፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ይላል። «ከውጭ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ይህችን ነው» አለችኝ። «እሷ ደግሞ ማንንም አታስገባም። እኔ አሁን አንድ በር ብቻ እከፍትና ‹በዚህ የመጣውን ወደ ኮምፒውተሩ ውሰጂው› እላታለሁ።»

«ሌሎቹ በሮችስ?»

«እንደተዘጉ ናቸው።»

«በተከፈተው ሌላ ሰው ቢመጣ?»

«እዚያ ደግሞ የስም ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይገባም። የይለፍ ቃሉንም ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ።»

ዝርዝሩን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። አራት ስም ነው። «ድገሚው» አልኳት። ሳታጉረመርም ደገመችው። ይህም አልበቃኝም። በማግሥቱ ጽሕፈት ቤት ሄዳ፣ ዝርዝሩ ላይ በሌለ ስም እንድትሞክር አደረግኳት። ደወለችልኝ፤ «እማዬ፣ ባረረኝ! የገዛ ቤቴ ባረረኝ!» እያለች ስትስቅ እኔም ተንፈስ አልኩ። በራሷ ስም ስትሞክር ደግሞ ገባች። የጉንደ ወይኗና የአማኑኤሏም ያን ሳምንት ገቡ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፦ «ኮምፒውተሩን አትንቀይ። በድንገት ከጠፋ የሠራነው ሁሉ ይበላሻል።» እሺ አልኩ። የታዘዝኩትን እፈጽማለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። የቁይዋ ስምንት ሰዓት ላይ ሞከረች፣ አልገባም አላት። ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስትመለስ ሌሎቹም ተዘግቶባቸዋል። ቤት ውስጥ ሆና ስትገባ ግን ከተማዋ እንዳለች ነች።

የልጄን ትዕግሥት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ስፌት መኪናዬ ሲዘልብኝ ክሩንም መርፌውንም ባንዴ እቀይርና የትኛው እንደነበር ሳላውቅ እቀራለሁ። እሷ እንዲህ አታደርግም። ደብተር አወጣች። አንድ ነገር ትነካለች፣ ትሞክራለች፣ ትጽፋለች። ካልሆነ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች፣ ይህንንም ትጽፋለች። በሩን አየች፣ ክፍት ነው። ዝርዝሩን አየች፣ ስሞቹ አሉ። የምታነበው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ የማታውቀውን ቃል ዳር ላይ ትጽፍና መዝገበ ቃላት ታያለች። ማንንም አልተቆጣችም፣ ኮምፒውተሩን አልመታችም። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ በጎን አያታለሁ። ይህን ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።

ሰኞ ላይ ቤታችን ከውጭ የሚጠራበትን ቁጥር ስታይ ለጓደኞቿ ከሰጠችው የተለየ ሆነ። «ተሳስቼ ገልብጬ ነው» ብላ ራሷን ወቀሰች። አዲሱን ሰጠቻቸው፣ በሩ ተከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ሠራ። ለቁይዋም ቁጥሩን ላከችላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ እንደገና ተዘጋ። ከቁይ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፦ «ተዉት። ገብቶኛል።»

ልጄ ይህን አነበበችልኝ። እኔም የያዝኩትን ቀሚስ አስቀመጥኩ። ልጅቷ የገባት ነገር እኛም ገብቶናል፤ ያለፉት ያላለፈችውን አንፈልግም ያሉ መስሏታል።

ልጄ ደብተሯን ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ስለ ዋይፋዩ ሣጥን የሚታየውን ከፍታ አነበበችና ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም።»

«ኮምፒውተሩን ነክተሻል?»

«በእመቤቴ! ነካሁ እንዴ? ነግረሽኝ የለም?»

«እሱማ አልጠፋም። ሣጥኗ ግን ከተነሣች ሁለት ሰዓቷ ነው ትላለች። ሰባት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ለምን?»

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ እሄዳለሁ፤ ክርና ቁልፍ ገዝቼ፣ የሰፋሁትን አድርሼ፣ ሰባት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። በሌላው ቀን ከቤት ብዙም አልወጣም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ልጄ ቤት ትሆናለች። አትንኪ የተባልኩት ኮምፒውተሩን ነው። ስለ ሣጥኗ ምንም አልተባልኩም። መብራቷ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ባዶ ቤት ትቼ ልሂድ?

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እነቅላታለሁ። ስመለስ እሰካታለሁ።»

«ሁልጊዜ ገበያ ስትሄጂ?»

«ሁልጊዜ።»

ዞራ አየችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣችና መጻፍ ጀመረች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«አንቺን ነዋ። ‹ቅዳሜ፣ ገበያ፣ እማዬ›።» ጽፋ ስትጨርስ ሳቋ መጣ። «እኔ እኮ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ዓለምን ሁሉ ስጠረጥር ነው የሰነበትኩት! አንቺ እዚህ ቁልፍ ትተክያለሽ!»

መሳቅ አልቻልኩም። ነገሩን አስረጂኝ አልኳት። ሣጥኗ ተነቅላ በተሰካች ቁጥር ለቤታችን አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የድሮው ለሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ የቁይዋ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስታንኳኳ የነበረው የማናውቀውን ሰው ቤት ነው። ማን ይከፍትላታል? አባቷ ኮፍያውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ታየኝና እንባዬ መጣ።

«ከእንግዲህ አልነቅልም» አልኩ። «ገበያም ቢሆን ይቅር።»

«አይሆንም» አለች ልጄ። «አንቺ ንቀይ። ባዶ ቤት ትተሽ ሄደሽ ገበያ ውስጥ ሆነሽ ልብሽ ሲንጠለጠል እንዴት ይሆናል? አንቺ ስትነቅዪ የሚበላሽ ከሆነ የሠራሁት ጎደሎ ነው ማለት ነው። እኔ ነኝ የማስተካክለው።»

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ፍርሃቴን ስቆበታል፣ ብዙ ሰው ተቆጥቶታል። ፍርሃቴን እንዳለ ተቀብሎ ሥራውን በዚያ ልክ የሰፋልኝ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። እኔ ለደንበኞቼ እንዲህ አደርጋለሁ፤ አንዱ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ሴት ስትመጣ ትከሻሽን አስተካክዪ አልላትም፣ ቀሚሱን ነው የማስተካክለው።

ሦስት ቀን ፈጀባት። ያገኘችው መላ ይህ ነው፦ ለቤታችን ከቁጥሩ ሌላ ስም ማውጣት። ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ «አሁን እዚህ ነን» ብሎ ስሙ ለተመዘገበበት ቦታ ያስታውቃል። ጓደኞቿ ስሙን ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ እኔ ልፈትነው ጠየቅኩ። ሐሙስ ቀን እሷ ጽሕፈት ቤት ሆና ደወለችልኝ።

«ንቀያት።»

«ነቀልኳት።»

«አሁን ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ድገሚና ሰኪያት።»

ሦስቱን ደገምኩ፤ ከፍርሃት የተነሣ አራተኛም ጨመርኩ። ሰካሁ። መብራቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ትንሽ ቆይታ ልጄ እንደገና ደወለች፤ «ቁጥሩ ተለውጧል፣ እኔ ግን ከተማችን መሐል ቆሜያለሁ!» አለችኝ። ደጋግሜ አስሞከርኳት። ሦስት ጊዜ ነቀልኩ፣ ሦስት ጊዜ ገባች።

የቀረው የቁይዋ ነበረች። «ገብቶኛል» ያለች ልጅ መልሳ ትሞክራለች? ስሙን ልጄ በመልእክት ላከችው፤ እኔ ደግሞ አባቷ ጋ ደወልኩ።

«ደህና ነዎት ወንድሜ? እኔ ነኝ፣ የማርቆሷ ልብስ ሰፊ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። እርስዎስ?»

«ልጅቷ እንዴት ናት?»

«አለች» አለኝ። «ሥራ ትሠራለች። ግን ማዕድ አትቀርብም። እኛ ተነሥተን ከሄድን በኋላ ነው ብቻዋን ቁንጥር የምታደርገው። ምንም ክፉ ቃል አልተናገርናትም።»

«አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ጓደኞቿ አልዘጉባትም። የዘጋሁባት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ የኢንተርኔቱን ሣጥን ነቅዬ ነው። አሁን ተስተካክሏል። ቅዳሜ ትምጣ ይበሏት።»

«ይሄ ሁሉ ለጨዋታ ነው፣ እህቴ?»

«ለጨዋታ ነው። ግን ጓደኞቿ ያሉት እዚያ ነው።»

«እሺ፣ ልንገራት» አለ። «እርስዎ ነቀሉት? እርስዎ?» ብሎ ትንሽ ሳቀ። ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ እንደልማዴ ሁሉን ነቅዬ ገበያ ሄድኩ፤ ተመልሼ ሰካሁ። ልጄ ፈቃድ ጠይቃ ቀድማ መጣች። የጉንደ ወይኗና የአማኑኤሏ ቀድመው ገብተዋል፤ ትንንሽ ሰዎች ሆነው በስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። ስምንት ተኩል ሆነ። ልጄ ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ከዚያ የከተማዋ በር ላይ አንዲት ትንሽ ሰው ብቅ አለች። አናቷ ላይ ከተጻፈው ስሟ በቀር ሌላ ነገር የላትም። አልተንቀሳቀሰችም።

«እንዳትጠይቋት» አልኩ።

«አላበድንም፣ እማዬ።»

ማንም ስለ ፈተና አልጻፈም። የጉንደ ወይኗ መጥታ ፊት ለፊቷ ዘለል ዘለል አለች። የአማኑኤሏ ጥቁር በግ እየነዳች መጣች። የቁይዋ ቀስ ብላ ወደ እርሻዋ ሄደች። ስንዴው ታጭዷል፣ እንደገናም ተዘርቷል። የጻፈችውን ልጄ አነበበችልኝ።

«ስንዴዬን ማነው ያጨደው?»

«እኔ» አለች የጉንደ ወይኗ። «ባለቤቷ ጠፍታ እርሻው ሊወረስ ነበር።»

«መስመሩ ጠማማ ነው።»

«እርሻ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ!»

ልጄ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከቁይዋ ሌላ ጽሑፍ መጣ። ልጄ ስታነበው ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ለእኔ ነበር የተጻፈው።

«እትዬ አሉ? ፈተናውን አላለፍኩም።»

እሷ ራሷ ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ልጄ ልጻፍልሽ አለችኝ። አይ፣ እኔ ራሴ አልኩ። በአንድ ጣቴ ፊደሉን እየፈለግኩ ጻፍኩ፤ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ማንም አላጣደፈኝም።

«አለሁ ልጄ። አውቃለሁ። ምሳ በላሽ?»

«ገና ነኝ። እነሱ አሁን ቀርበዋል።»

«ሂጂና አብረሻቸው ብዪ። እንጠብቅሻለን።»

ትንሿ ሰው ስንዴው መሐል ቀጥ ብላ ቀረች። የጉንደ ወይኗ መጥታ በቀኟ ቆመች፣ የአማኑኤሏ በግራዋ፣ የልጄ ደግሞ ከኋላዋ። አንዳቸውም ከዚያ አልተነቃነቁም። በጓ ብቻ ዙሪያቸውን ትዞራለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። እኔም ሥራዬን ትቼ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ትንሿ ሰው ራሷን አዞረች፣ ግራና ቀኝ ጓደኞቿን አየች። አንድ ቃል ጻፈች፤ ልጄ ሳታነብልኝ እኔው አነበብኩት።

«በላሁ።»